ቶፖቪው፦ የሜይን ደንና ውሃዎቹ በድሮ ካርታ

በአሜሪካዋ ሜይን ግዛት ሰሜናዊ ደን ውስጥ በአላጋሽ ወንዝ ላይ በታንኳ ልሄድ ሳስብ መጀመሪያ የፈለግኩት ጥሩ ካርታ ነበር። ስልኬ እዚያ ሲደርስ አረንጓዴና ሰማያዊ ብቻ ነው የሚያሳየኝ። በኋላ ቶፖቪውን አገኘሁ፤ እንዴት እስከዛሬ አላወቅኩትም አልኩ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ዌብሳይት ነው። ከ1884 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. የወጡ ከ178,000 በላይ ካርታዎች ስካን ተደርገው ተቀምጠዋል፣ ሁሉም በነፃ።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ቦታውን ስትነኩት የየዘመኑ ካርታ ይደረደርላችኋል፣ የወደዳችሁትን ታወርዳላችሁ። ለዚህ አካባቢ 1:62,500 የሚለውን ምረጡ፤ ካርታው ላይ አንድ ሴንቲ መሬት ላይ 625 ሜትር ነው ማለት ነው። ቡናማው መስመር ከፍታ ነው፣ ሰማያዊው ውሃ፣ ጥቁሩ ሰው የሠራው።

እኔ ብዙ የቆየሁት በቻምበርሌንና በኢግል ሐይቆች መካከል ባለችው ጠባብ መሬት ላይ ነው። የእነዚህ ሐይቆች ውሃ ድሮ ወደ ሰሜን፣ ወደ ካናዳ ነበር የሚፈሰው። የተቆረጠ ግንድ ደግሞ በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ነበር የሚጓዘው፤ የእንጨት መሰንጠቂያዎቹ ግን በደቡብ፣ ባንጎር ከተማ ነበሩ። ስለዚህ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ነጋዴዎቹ ግድብ ሠርተው፣ ቴሎስ በሚባለው ሐይቅ ላይ ቦይ ቆፍረው፣ የቻምበርሌንን ውሃ ወደ ደቡብ አዞሩት። ኢግል ግን ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ከእሱ የሚወጣው ግንድ አሁንም መንገድ አልነበረውም። በ1902 እና 1903 ታዲያ በእንፋሎት ኃይል የሚጎተት የብረት ገመድ ዘረጉና ግንዱን 3,000 ጫማ መሬት ላይ እየጎተቱ ቻምበርሌን ውስጥ ይጥሉት ጀመር። ታሪኩን ቀደም ብዬ አንብቤዋለሁ። የገባኝ ግን ካርታው ላይ ጣቴን ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ሳስኬድ ነው፤ ያ ሁሉ ልፋት አንድ ሴንቲ ተኩል ገደማ ናት!

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። እኔ ፋይሉን አንድ ማተሚያ ቤት ወስጄ ሳላስጠነቅቃቸው ከወረቀቱ ልክ አሳንሰው አተሙት፤ ያቺ ሴንቲ ተኩል ከአንድ ሴንቲ በታች ሆነች። በዚያ ላይ ርቀት ብለካ ኖሮ ቀኑን ሙሉ መቅዘፍ ነበር። «መቶ በመቶ መጠን» በሏቸው፣ ሳትከፍሉም ከታች ያለውን የርቀት መለኪያ በማስመሪያ ለኩት። የጂፒኤስ ቁጥርም በቀጥታ አታስገቡበት። የድሮዎቹ ካርታዎች መነሻ ስሌት ከዛሬው ስለሚለይ ነጥቡ በአስሮች በሚቆጠር ሜትር ይዛነፋል።

ሁለተኛውን ኅትመት በላስቲክ ጠቅልዬ ታንኳው ላይ አስሬዋለሁ። ኢግል ሐይቅ ዳር ጫካው ውስጥ ከዚያው የእንጨት ሥራ ዘመን ቆመው የቀሩትን ሁለት የባቡር ሞተሮች በእሱ ነው የምፈልጋቸው።