ሱሞ ወይስ ቪሲም? የትራፊክ መብራትን በኮምፒውተር ለምትሞክሩ

እንደ መኪናው ብዛት አረንጓዴውን የሚያስረዝምና የሚያሳጥር መብራት መንገድ ላይ ከመተከሉ በፊት ኮምፒውተር ላይ መፈተን አለበት። ለዚህ ሥራ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳው ሱሞና ቪሲም የተባሉት፣ የመኪና እንቅስቃሴን ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስሉ ሶፍትዌሮች ናቸው። ሁለቱም የተወለዱት ጀርመን ነው።

ሱሞ ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ማንም አውርዶ ይጠቀምበታል። እኔ የምወድለት ከራሳችሁ ፕሮግራም ጋር የሚያገናኘውን፣ ትራሲ የሚባለውን ክፍሉን ነው። ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ በጻፋችሁት ፕሮግራም በየሰከንዱ ሰልፉን ታያላችሁ፣ መብራቱንም ራሳችሁ ትቀይራላችሁ። አዲስ ስልት ለሚፈትን ተመራማሪ ወይም ተማሪ ሌላ መፈለግ አያስፈልግም። ካርታም ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ ይወስዳል። መብራቱ የሚፈራረቅበትን ሰዓት ግን በግምት ነው የሚሞላው፤ እያንዳንዱን መስቀለኛ መንገድ በእጃችሁ ካላስተካከላችሁ ትሸወዳላችሁ።

ቪሲም ላይሰንስ ይገዛለታል፣ የሚሠራውም ዊንዶውስ ላይ ነው። ዋጋውን የሚያወጣው ሥራው ለእውነተኛ ከተማ ሲሆን ነው። ስካትስና ስኩትን ከመሳሰሉ፣ ከተሞች በእውን ከሚጠቀሙባቸው የመብራት መቆጣጠሪያዎች ጋር ይገናኛል። እግረኛውንም በደንብ ያሳያል። ለከተማ አስተዳደር ጥናት የምታቀርቡ ከሆነ እሱን ግዙ።

የትኛውንም ብትመርጡ ግን አንድ ነገር አደራ። ሱሞ ላይ አንድ መኪና 300 ሰከንድ ከቆመ፣ ቅንብሩን ካልነካችሁት፣ ሶፍትዌሩ ብድግ አድርጎ ከጭንቅንቁ ወዲያ ያስቀምጠዋል። ቪሲም ደግሞ መስመር ለመቀየር 60 ሰከንድ የጠበቀውን መኪና ጭራሽ ያጠፋዋል። አንድ መስቀለኛ መንገድ አጉልታችሁ ተመልከቱ። ወደ ግራ ሊታጠፍ ቆሞ የነበረው መኪና ድንገት የለም! ሰልፉ ይላላል፣ አማካይ መዘግየቱ ይቀንሳል፣ አዲሱ መብራት የሠራ ይመስላል። መንገድ ላይ ግን መኪና እንደ ውሃ አይተንም።

ስለዚህ ከአማካዩ በፊት የጠፉትን ቁጠሩ። መግቢያው ሞልቶባቸው ገና ወደ ካርታው ያልገቡትንም ጨምሩ። አዲሱን መብራት የምታወዳድሩት ቋሚ ሰዓት ካለው መብራት ጋር ከሆነም፣ የዚያኛውን ሰዓት መጀመሪያ በደንብ አስተካክሉለት። በዘፈቀደ የተሞላ ሰዓትን ማሸነፍ ለማንም አይከብድም።