ሰቨንን ለመግዛት፦ ዲቪዲ፣ ብሉሬይ ወይስ ፎርኬ?

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ይዤልህ ልምጣ?» ሲል ጫማና ስልክ ትቶ ፊልም የሚያዝ ሰው አለ። ደብረ ብርሃን ውስጥ እንዲህ ያሉ ወዳጆች አሉኝ። ሰሞኑን ደጋግመው የሚጠይቁኝ ስለ አንድ ፊልም ነው፤ ስለ ሰቨን። ዲቪዲውን እናስመጣ፣ ብሉሬዩን ወይስ አዲሱን ፎርኬ? ሦስቱም የፊልም ዲስኮች ናቸው፤ የምስል ጥራታቸው ከዲቪዲ ወደ ብሉሬይ፣ ከብሉሬይ ወደ ፎርኬ ይጨምራል። መልሴ ለሁሉም አንድ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ።

ለማያውቀው ሰው፦ ሰቨን እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ልብ አንጠልጣይ ድራማ ነው። ዳይሬክተሩ ዴቪድ ፊንቸር ነው። ብራድ ፒትና ሞርጋን ፍሪማን ሁለት መርማሪዎች ሆነው ይተውናሉ። አንዱ ጡረታ ሊወጣ ቀናት ቀርተውታል፤ ሌላው ገና ወደ ከተማው መግባቱ ነው። ሰባቱን ታላላቅ ኃጢአቶች እየቆጠረ የሚገድለውን ሰው ያሳድዳሉ። ከዚህ በላይ አልናገርም። ያላየው ሰው መጨረሻውን ከማንም ሳይሰማ በራሱ ዓይን እንዲያየው ነው የምፈልገው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ይህ ከልጆች ጋር የሚታይ ፊልም አይደለም። ከደሙ ይልቅ ሐሳቡ ነው የሚከብደው። እሁድ ከሰዓት ቤተሰብ ተሰብስቦ ቡና እየተጠጣ አይከፈትም።

አሁን ወደ ዲስኩ። ሰቨን የሚኖረው በጨለማው ነው። ካሜራውን የመራው ዳርዮስ ኮንጂ ምስሉን ሆን ብሎ አጨልሞታል። ለሲኒማ ቤት ከታተሙት ኮፒዎች የተወሰኑት በላብራቶሪ ሲታጠቡ ፊልሙ ላይ ያለው ብር ሙሉ በሙሉ እንዳይወገድ ተደርጓል። ብሩ ሲቀር ጥቁሩ ይጠልቃል፣ ቀለሙም ይደርቃል። እኛ ቤት ቁጭ ብለን ያንን ጥቁር ማግኘት እንችላለን ወይ? የትኛውን እንግዛ የሚለው ጥያቄ ከዚህ ነው የሚነሳው።

መፈተኛ የሚሆን ትዕይንት አለ። ፊልሙ ብዙም ሳይሄድ መርማሪዎቹ አንድ ቤት ይገባሉ። ቤቱ ጨልሟል። ሁለቱም የእጅ ባትሪ ይዘዋል። ብርሃኑ ጣሳ በተደረደረበት መደርደሪያ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ በተደፋ ግዙፍ ሰውነት ላይ። በጥሩ ዲስክ ስታዩት፣ ባትሪው ያልደረሰበት ጨለማም ራሱ ደረጃ አለው። የመደርደሪያው ጠርዝ፣ የኮቱ ትከሻ፣ የበሩ መቃን ጭል ጭል ይላሉ። በመጥፎ ኮፒ ላይ ግን ጨለማው ይሰባበራል። አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን የሆነ ግራጫ ድፍርስ ስክሪኑን ይሞላዋል። ሰው ሲንቀሳቀስ ግራጫው እየተጎተተ ይከተለዋል። ፍርሃቱም እዚያው ያልቃል።

ከፍላሽ ልጀምር፤ ብዙዎቻችን ፊልም የምናየው በእሱ ነውና። ሱቅ ሄዳችሁ የምታስጭኑት ፋይል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጊጋ ወይም አንድ ተኩል ቢሆን ነው። 127 ደቂቃ ለሚረዝም ፊልም ይህ ጠባብ ነው። ፋይል ሲጨመቅ ቶሎ የሚሠዋው ደግሞ ጨለማ ውስጥ ያለው ዝርዝር ነው፤ ፕሮግራሙ ዓይን አያየውም ብሎ ይጥለዋል። በአማርኛ የተተረከውን የሚመርጡም አሉ። እንግሊዝኛ ለማይከተል ሰው ታሪኩን ያደርስለታል፣ ይህን አልነቅፍም። ግን ተራኪው በሞርጋን ፍሪማን ድምፅ ላይ ይወጣበታል። ዝናቡ፣ የመንገዱ ጫጫታ፣ ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማው ጩኸት ሁሉ ይዋጣል። የፊልሙ ግማሽ ፍርሃት ያለው እዚያ ድምፅ ውስጥ ነው። ደግሞም ባለቤቱ ያልፈቀደው ኮፒ ነው፤ ፊልም እወዳለሁ የሚል ሰው ይህን ችላ ማለት የለበትም።

ዲቪዲው ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱን አታምታቱ። የመጀመሪያው የአሜሪካ ዲቪዲ በ1997 የወጣው ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ፊልሙ በዲስኩ ሁለት ገጽ ላይ ተከፍሏል። መሃል ላይ ተነስቶ ዲስኩን መገልበጥ ግድ ነው። ውጥረቱ ሲከር ተነሱ ማለት ነው። በነፃ እንኳ ቢሰጧችሁ ይቅርባችሁ።

በ2000 የወጣው ባለ ሁለት ዲስኩ ግን ሌላ ነገር ነው። ምስሉ ከኔጌቲቩ፣ ማለትም ካሜራው ከቀረፀበት ዋናው ፊልም፣ እንደገና ተነስቶ ቀለሙ አዲስ ተስተካክሏል፤ ሁለተኛው ዲስክ ላይ ይህ እንዴት እንደተሠራ ራሱ ይታያል። ፊልሙ እየሄደ የሚሰሙ አራት የማብራሪያ ድምፆችም አሉት። በአንዱ ፊንቸር ከፒትና ከፍሪማን ጋር ያወራል። በሌላው ጸሐፊው አንድሩ ኬቨን ዎከርና ሌሎች ስለ ታሪኩ ይናገራሉ። ሦስተኛው ስለ ምስሉ ነው፣ አራተኛው ስለ ድምፁና ስለ ሙዚቃው። ፊልም መሥራት ለሚመኝ ወጣት ይህ ትምህርት ቤት ነው። አንድ ትዕይንት ለምን በዚያ ማዕዘን እንደተቀረፀ ከሠሪው አፍ መስማት ከየትም አይገኝም።

የዲቪዲ ጣጣው ጥራቱ ላይ ነው። የአሜሪካው ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች 720 በ480 ብቻ ናቸው። በ32 ኢንች ቲቪ ያስኬዳል። በ43 እና ከዚያ በላይ ግን ፊቶች ይለሰልሳሉ፣ ጨለማውም ይደፈርሳል። ከአውሮፓ የሚመጣው 720 በ576 ነው፣ ትንሽ ይሻላል። ግን እሱ ፊልሙን በሴኮንድ በ24 ፋንታ በ25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ያጫውተዋል። 127 ደቂቃው ወደ 122 ይወርዳል፣ የተዋናዮቹ ድምፅም ካልተስተካከለ በጥቂቱ ይቀጥናል። የፍሪማንን ወፍራም ድምፅ ለምዶ ላደገ ሰው ይህ ይረብሻል።

ብሉሬዩ በ2010 ወጣ። 1920 በ1080 ነው፤ ከአሜሪካው ዲቪዲ ስድስት እጥፍ ነጥብ አለው። በ24 ፍሬም ስለሚሄድ ርዝመቱም ድምፁም እንደ ሲኒማ ቤቱ ነው። ዲቪዲ ቢበዛ 8.5 ጊጋባይት ሲይዝ ብሉሬይ እስከ 50 ይይዛል፤ ስለዚህ ጨለማውን ለመቁረጥ የሚያስገድድ ጥበት የለም። ያ የእጅ ባትሪው ቤት እዚህ ላይ ቤት ይሆናል። አራቱ ማብራሪያዎችም አብረው መጥተዋል። ቤቱ ተራ ፉል ኤችዲ ቲቪ ላለው ሰው የምመክረው ይህን ነው፣ ሳላመነታ።

«ማጫወቻ የለንም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ቤታችሁ ፕሌይስቴሽን 4 አለ? እሱ ራሱ የብሉሬይ ማጫወቻ ነው። ወንድማችሁ ኳስ የሚጫወትበት ዕቃ ሰቨንን አሳምሮ ያጫውታል። ሌላ ወጪ አያስፈልግም።

ፎርኬው የወጣው በጥር 2025 ነው፣ ፊልሙ 30 ዓመቱን ሲይዝ። ከኔጌቲቩ በአዲስ ተነስቷል። ነጥቡ የብሉሬዩ አራት እጥፍ ነው። ከነጥቡ በላይ የሚያስደስተው ግን ኤችዲአሩ ነው፣ ማለትም በጨለማውና በብርሃኑ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሰፋው አሠራር፤ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ሳለ የባትሪው ጨረር በእውነት ያበራል። ፊንቸር አንዳንድ ቦታ በዲጂታል አርሟል፤ የማይስማማውን ነካክቷል። ይህን የማይወዱ ሰዎች አሉ፤ ፊልም እንደወጣ መቀመጥ አለበት ይላሉ። እኔ የቀድሞው ብሉሬይ ስላለ አይከፋኝም፤ ሁለቱም ይኑሩ።

ግን ፎርኬውን ከማዘዛችሁ በፊት ቲቪያችሁን እዩ። ሳጥኑ ላይ ኤችዲአር ስለተጻፈ ብቻ አትመኑት። ብርሃኑ ደካማ የሆነ ርካሽ ቲቪ የኤችዲአር ምልክት ሲቀበል ይህን የመሰለ ጨለማ ፊልም ጭራሽ ያጨልመዋል። እንዲህ ባለ ቲቪ ብሉሬዩ ይበልጣል። ማጫወቻውም ሌላ ጉዳይ ነው። ፕሌይስቴሽን 4፣ ፕሮ የሚባለውም ጭምር፣ የፎርኬ ዲስክ አይቀበልም። ዲስክ ማስገቢያ ያለው ፕሌይስቴሽን 5 ወይም ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ይሆናል።

የትኛውንም ብትገዙ ቲቪውን አስተካክሉ። ብዙ ቲቪ ከሱቅ ሲወጣ «ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» ላይ ነው። «ፊልም» ወይም «ሲኒማ» ላይ አድርጉት። ምስሉን እንደ ተከታታይ ድራማ የሚያንሸራትተውን ማለስለሻ አጥፉት። አምፖሉንም አጥፉ። የደብረ ብርሃን ሌሊት ለዚህ ምቹ ነው፤ ጋቢ ደርባችሁ ተቀመጡ።

የክልል ቁጥርም አለ፤ ዲስኩና ማጫወቻው ለየትኛው የዓለም ክፍል እንደተሠሩ የሚለይ ምልክት ነው። ገንዘብ የሚያስበላው እሱ ነው። በዲቪዲ አሜሪካ 1 ነው፣ አውሮፓና ዱባይ 2፣ ኢትዮጵያ 5። ማጫወቻችሁ ሁሉንም የሚያነብ ካልሆነ ዲስኩ አይከፈትም። በብሉሬይ አሜሪካ ኤ ነው፤ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና አፍሪካ ቢ ናቸው። ፕሌይስቴሽኑ ከዱባይ ከመጣ ቢ ነው፤ ከአሜሪካ ከመጣ ኤ። ከማዘዛችሁ በፊት የዲስኩን ሽፋን ጀርባ ፎቶ አስልካችሁ ምልክቱን እዩ። ፎርኬ ዲስክ ክልል የለውም፣ ከየትም ቢመጣ ይሠራል።

ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላላችሁ፦ ዲስክ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉ፣ ይጣመማል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማጫወቻውን እንዳይመታው ደግሞ ስታቢላይዘር ላይ ሰኩት፤ ተራ ዲቫይደር አያድነውም።

ዘመድ ከአሜሪካ ማጫወቻውንም ጨምሮ ልላክ ካለ ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ እንዲያነብላችሁ ጠይቁት። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ይላክ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 በአንድ ጊዜ ያቃጥለዋል፤ ከትራንስፎርመር ጋር ካልሆነ ግድግዳ ላይ አትሰኩት።