የጫንኩበትና ያወረድኩለት፦ የረጅም መንገድ ሞተር ሳይክሌ ከወራት በኋላ

አዲስ ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያገላብጠው የተጨማሪ ዕቃ ካታሎግ ነው፤ የአጠቃቀም መመሪያው ከነላስቲኩ መቀመጫ ሥር ይከርማል። የእኔ ባለ 650 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ 20 ሊትር ቤንዚን የሚይዝና በካቴና የሚነዳ የረጅም መንገድ ሞተር ሳይክል ነው። ሁለታችን አብረን ፀሐይም ዝናብም አይተናል። የአምራቹን ስም አልጠራም፤ የምገመግመው በላዩ የተጨመረበትንና የሚደረግለትን እንክብካቤ ነውና። ሞተሩ እንደሆነ ሥራውን ይሠራል። የሚያደክመውም፣ የሚያስደስተውም፣ ገንዘብ የሚበላውም ሌላው ሁሉ ነው።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ለረጅም መንገድ ተብለው ከሚሸጡት ዕቃዎች አብዛኞቹ ክብደት ብቻ ናቸው። ሞተር ሳይክሉን ከጭነቱ ጋር ለማስማማት የሚደረጉት ማስተካከያዎች ግን ገንዘብ አይጠይቁም ማለት ይቻላል፤ ውጤታቸው ደግሞ ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ በልጦብኛል።

የክብደቱን ሒሳብ አብረን እንሥራው። በዚህ መደብ ያለ ሞተር ሳይክል ታንኩ ሞልቶ 220 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። አምራቹ የሚፈቅደው ጠቅላላ ክብደት 420 ነው እንበል፤ የቀረው 200 ኪሎ ብዙ ይመስላል። ሁለት ሰዎች ከነሄልሜታቸው፣ ከነጃኬታቸውና ከነጫማቸው 160 ይሆናሉ። የአሉሚኒየም ሳጥኖች ከነመሸከሚያ ብረታቸው ባዶአቸውን እስከ 20 ኪሎ ይወስዳሉ። የሞተር መከላከያው ብረት 5፣ የመሐል ማቆሚያው 5 ይጨመር። አንድ ሸሚዝ እንኳን ሳይታጠፍ የቀረን 10 ኪሎ ነው። ይህን ደምሮ የማያውቅ ሰው ከዚያ በላይ የእንቅልፍ ከረጢት፣ ድንኳን፣ ምድጃና ተጨማሪ ባውዛ ይጭናል፤ ቆይቶም «ሞተሩ መታጠፊያ ላይ ይከብዳል» ይላል።

በዚህ ምክንያት የአሉሚኒየም ሳጥኖቹን አውርጃለሁ። መልካም ጎናቸውን አልክድም፤ ይቆለፋሉ፣ ውሃ አያስገቡም፣ ሲቆምም ወንበር ይሆናሉ። ነገር ግን ከመሪው በላይ ወደ ጎን ስለሚሰፉ ጠባብ ቦታ ላይ ከኋላ ያለውን ስፋት መርሳት ቀላል ነው። ልቅ አፈር ላይ እግር አውርዶ ለሚነዳ ሰው ደግሞ እግር በሳጥኑና በመሬቱ መካከል የመጠመድ አደጋ አለው። ብዙ መመሪያዎች ለአንዱ ጎን የሚፈቅዱት 10 ኪሎ አካባቢ መሆኑ፣ የሳጥኑን ጥንካሬ አይቶ ለሚገዛ ሰው የሚያስገርም ነው። ሳጥኑ ራሱ ብዙ ይችላል፤ የማይችለው የሞተር ሳይክሉ የኋላ አካል ነው።

አሁን የምጠቀመው አፋቸው ተጠቅልሎ የሚታሰር የጨርቅ ከረጢቶችን ነው። ቀለማቸው በፀሐይ ለቋል፤ ስፌታቸው ግን አልተነካም። ዚፕ ያለው ከረጢት ለአቧራ መንገድ አይሆንም፤ ጥርሶቹ መሐል አሸዋ ሲገባ መጀመሪያ ይከብዳል፣ ቀጥሎ ይከፈታል እንጂ አይዘጋም። በጭስ ማውጫው በኩል ያለው ከረጢት ጨርቁ ከጋለው ቱቦ ጋር እንዳይነካካ ማራቂያ ብረት የግድ ያስፈልገዋል። የተረፈ ማሰሪያ ጫፍ ደግሞ ተጠቅልሎ ይታሰር፤ የተንጠለጠለ ጠፍር ካቴናው ውስጥ ከገባ ጎማውን ሊቆልፈው ይችላል።

የኋላ ላይኛውን ሳጥንም አውርጃለሁ፤ እዚህ ላይ ጓደኞቼ አይስማሙም። ክብደቱ ከኋላው ጎማ ዘንግ ባሻገርና ከፍ ብሎ ስለሚያርፍ የፊቱን ጎማ ያቀልለዋል። ፍጥነት ሲጨምር መሪው እጅ ውስጥ ባዶ ይሆናል፤ የጎን ንፋስ ሲመጣም ሞተር ሳይክሉ ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ መዋዠቅ ይጀምራል። ከባድ ነገር ሁሉ፣ መሣሪያም ውሃም፣ ዝቅ ብሎና ወደ ፊት ቀርቦ ሲታሰር ያው ክብደት ሌላ ሞተር ሳይክል ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ለውጥ ያመጣው የኋላው አሞርዛተር ሞላ ነው። ጭነት ሲያርፍበት ምን ያህል እንደሚወርድ መለካት ሜትርና አንድ ረዳት ይፈልጋል። ሞተር ሳይክሉን በመሐል ማቆሚያው አቁሞ፣ የኋላው ጎማ በአየር ላይ እያለ፣ ከጎማው ዘንግ በቀጥታ ወደ ላይ እስከ ተመረጠ አንድ ነጥብ ያለው ርቀት ይለካል። ከዚያ ከማቆሚያው ወርዶ፣ ሙሉ ጭነቱን ይዞና ነጂው ተቀምጦበት ያው ርቀት እንደገና ይለካል። ልዩነቱ ከኋላው ጎማ ጠቅላላ የላይና ታች እንቅስቃሴ አንድ ሦስተኛ ገደማ መሆን አለበት፤ ኋላው 160 ሚሊ ሜትር ለሚንቀሳቀስ ሞተር ሳይክል 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። የእኔ ከፋብሪካ በመጣበት ልክ ተጭኖ ሲለካ ከዚህ በጣም ይወርድ ነበር። በጎኑ ያለችውን ክብ እጀታ ወደ «ጠንካራ» ጥቂት ዙር ማዞር በቃው። ጭራው የወረደ ሞተር ሳይክል አፍንጫው ይነሣል፤ መታጠፊያ ላይ ወደ ውጭ ይሰፋል፣ ማታም መብራቱ የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ያጠፋል። ይህን ሁሉ የሚፈታው እጀታ ስንት ሰው ሳይነካው ሞተሩን እንደሚሸጥ ሳስብ ይገርመኛል።

ወደ ካቴናው ልምጣ። በዘንግ የሚነዳ ሞተር ሳይክል ያላቸው ሰዎች ይህን ክፍል ሊዘሉት ይችላሉ፤ እንደሚስቁብንም አውቃለሁ።

የዛሬ ካቴና በየመጋጠሚያው የጎማ ቀለበት አለው። ቀለበቱ ፋብሪካ ውስጥ የገባውን ግራሶ ከውስጥ አሽጎ ይይዛል፤ ግራሶው አንዴ ከወጣ መልሶ የሚያስገባው የለም። ስለዚህ ከውጭ የምንቀባው ዘይት ሥራው ቀለበቱን ከድርቀት፣ ብረቱን ከዝገት፣ ጥርሱን፣ ማለትም ካቴናው የሚዞርበትን ጥርሳም ክብ ብረት፣ ከፍጭት መጠበቅ ነው። በቤንዚንና በሽቦ ብሩሽ የሚያጸዳ ሰው ካቴናው ሲያብረቀርቅ ደስ ይለዋል፤ ቀለበቶቹ ግን እየተበሉ ነው። እኔ ነጭ ጋዝና ለስላሳ ብሩሽ እጠቀማለሁ። ለቅባት በቆርቆሮ የሚነፋውን ተጣባቂ ቅባት ትቼ ወፍራም የማርሽ ዘይት፣ ማለትም 80 ደብልዩ 90 የሚባለውን፣ በትንሹ መቀባት ጀምሬያለሁ። ተጣባቂው ዝናብ ላይ ይቆያል፤ አቧራማ መንገድ ላይ ግን አሸዋውን ይዞ እንደ ሞረድ ይሠራል። ዘይቱ ቸርኬው ላይ ይረጫል፣ እሱን በጨርቅ መጥረግ ነው።

ጊዜው ከጉዞ በኋላ፣ ካቴናው ገና ሞቅ ሲል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ ጎማው በእጅ እየተገፋ ከታችኛው መስመር የውስጥ ገጽ ላይ ይቀባል። ማርሽ አስገብቶ ጎማውን በሞተር እያዞሩ መቀባት ጣት ያስቆርጣል፤ ይህ ማጋነን አይደለም። በየ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር፣ ዝናብ ከመታው ደግሞ የዚያኑ ዕለት። በራሱ የሚያንጠባጥብ የዘይት መሣሪያም ገጥሜ ነበር። ሥራውን ያውቃል፤ ነገር ግን ሙቀት ሲጨምር ዘይቱ ስለሚቀጥን ፍሰቱን ሁልጊዜ ማስተካከል ይጠይቃል፣ የተረፈውም ወደ ጎማው ይሄዳል። አወጣሁት።

ስለ ልቅነቱ ሰው የሚሳሳተው በአንድ አቅጣጫ ነው፤ ማጥበቅ ይወዳል። መመሪያዬ ከታችኛው መስመር መሐል ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ላይና ታች እንዲንቀሳቀስ ይላል፤ የሌላው ሞተር ቁጥር ሌላ ነው። የኋላው ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ወደ ላይ ይወጣል፤ የፊቱ ጥርስ፣ የኋላው ሹካ ማጠፊያና የጎማው ዘንግ በአንድ መስመር ሲሰለፉ ርቀቱ ይረዝማል፣ ካቴናውም ይወጠራል። ባዶ ሞተር ላይ ልክ የነበረው ካቴና ሁለት ሰውና ሻንጣ ሲጫን ጠብቆ የሚገኘው ለዚህ ነው። በጥቂቱ የላላ ካቴና ይንኳኳል፤ የጠበቀው ግን ድምፅ ሳያሰማ የማርሽ ሳጥኑን ኩሽኔታ ይበላል። ካቴና እኩል ስለማያረጅም ጎማውን ቀስ እያሉ አዙሮ በጣም የጠበቀበትን ቦታ ማግኘትና እዚያ ላይ መለካት ያስፈልጋል። ካቴናውን ከኋላው ጥርስ ጀርባ ይዤ ስስበው የአንዷ ጥርስ ቁመት ግማሽ ከታየኝ ጊዜው አልፏል፤ ያን ጊዜ ካቴናውም ሁለቱ ጥርሶችም አብረው ይለወጣሉ። ይህን ሁሉ ያለ መሐል ማቆሚያ መሥራት ስቃይ ነው፤ ያንን 5 ኪሎ በደስታ እሸከማለሁ።

የጎማው ነገር አጭር ነው፤ የራስ መለኪያ መያዝና ጎማው ሳይሞቅ መለካት። የእኔ የኋላ ጎማ ለአንድ ሰው 2.5 ባር ሲሆን፣ ሁለት ሰው ሲጫን 2.8 ይነፋል። የአየሩ ሙቀት 10 ዲግሪ ሲወርድ ከ0.1 ባር ትንሽ በለጥ ያለ ይቀንሳል፣ ስለዚህ በቀን ሙቀት የተነፋ ጎማ በሌሊት ብርድ ለስልሶ ሊያድር ይችላል። በረጅሙ ቀጥ ያለ መንገድ መሐሉ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል፤ መታጠፊያ ሲገባ ጠርዙን ተሻግሮ እንደመውደቅ ይላል። ጥልቀት ቢቀረውም እንዲህ ያለውን ጎማ ለሌላ ረጅም ጉዞ አልይዘውም። ሲገዙ ደግሞ በጎኑ ያሉትን አራት ቁጥሮች ማንበብ ነው፤ 2323 ማለት በ2023 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። የውስጥ ጎማ ለሌለው ጎማ መድፈኛ ክርና ከባትሪ የሚሠራ ትንሽ መንፊያ እይዛለሁ። የጋዝ ካርትሪጅ ፈጣን ነው፤ ግን አንዷ ትልቅ የኋላ ጎማ አትሞላም፣ ከተሳሳተችም አልቃለች።

የፊት የንፋስ መከላከያውን በረጅም ለውጬ መልሼዋለሁ። ረጅሙ ደረቴን አሳርፎ የተበጠበጠውን ንፋስ በቀጥታ ሄልሜቴ ላይ አሳረፈው፤ ጭንቅላቴ ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ይውላል። አጭሩ ንጹሕ ንፋስ ያሳልፋል። ድምፁን ለጆሮ መሰኪያ ትቻለሁ፤ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሄልሜት ውስጥ ያለው የንፋስ ድምፅ ጆሮ የሚጎዳ ደረጃ ይደርሳል። በዚህ ግምገማ ከተጠቀሱት ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ የጆሮ መሰኪያው ነው፤ ማታ ስወርድ ድካሜ ግማሽ የሆነውም በእሱ ነው።

ኤሌክትሪኩ ላይ ስግብግብነት ዋጋ ያስከፍላል። ጄኔሬተሩ ከ400 ዋት በታች ነው የሚሰጠው፤ የነዳጅ ፓምፑ፣ ካንዴላዎቹና የፊት መብራቱ ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ የሚተርፈው ብዙ አይደለም። የሚሞቅ እጀታ ከ30 እስከ 40 ዋት፣ የሚሞቅ ጃኬት ከዚያ በእጥፍ ይበላል። ሞተሩ ቆሞ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ሁሉንም መክፈት ባትሪውን መጥባት ነው። የጨመርኩት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) በኩል ቁልፍ ሲዞር ብቻ እንዲሠራና ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ እንዲሆን አድርጌያለሁ። ስልክን መሪ ላይ ለሚያስር ደግሞ አፕል ራሱ በ2021 እ.ኤ.አ. የሞተር ሳይክል ንዝረት የአይፎን ካሜራን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ ንዝረት የሚውጥ መያዣ ለዚህ ይበጃል።

የሞተር ዘይት ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ስለሚሽከረከር ጄኤኤስኦ ኤምኤ ወይም ኤምኤ 2 (የጃፓን የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ) የሚል ዘይት ይፈለግ። ፍጭት ለመቀነስ የተሠራ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትተው ይችላል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል፣ ያረጀ ቢመስልም ባይመስልም።

የመሣሪያ ከረጢቴን ያሳነስኩት ቀላል ፈተና ሰጥቼው ነው፤ የኋላውን ጎማ ቤት ውስጥ በያዝኩት ቁልፍ ብቻ ፈትቼ ገጠምኩ። ያልተነካው መሣሪያ ወጣ፣ የጎደለው ገባ። ዋና ዋና ዳዶዎች ላይ፣ ከዳዶው እስከ ብረቱ የሚሄድ ነጭ የቀለም መስመር አለ፤ ጠዋት በዓይን አንድ ጊዜ መዞር የላላውን ያሳያል፣ መስመሩ ይሰበራልና። የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታ ማቀፊያዎችንም ድንጋይ እስኪሆኑ አላጠበቅኳቸውም፤ ሞተሩ ቢወድቅ እጀታው ከመሰበር ይልቅ ይዞራል።

መቀመጫው ግን እስካሁን አልተፈታም። ስፖንጁ ወደ ታንኩ ያዘነብላል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሰውነት ወደፊት ተንሸራቶ ጠባቡ ቦታ ላይ ይቀመጣል። የጄል ትራስ ሞከርኩ፤ ጠዋት ይመቻል፣ ከሰዓት ፀሐይ ካገኘው ይግላል። የበግ ቆዳ ከእሱ ይሻላል፤ አየር ያሳልፋል፣ ሲረጥብ ግን ለመድረቅ ቀን ይወስዳል። ከመቀመጫው የፊት ማሰሪያ ሥር ጥቂት የብረት ቀለበቶች መደርደር አፍንጫውን ከፍ አድርጎ መንሸራተቱን ቀንሶታል፤ አላጠፋውም። ቀጣዩ ወጪ ስፖንጁን በልኬ የሚያስቀርጸው ነው፤ ለባውዛ አስቀምጬ የነበረው ገንዘብ ወደዚያ ዞሯል።