ለደንቆሮ ጫካና ለአቡነ ዮሴፍ ዳገት የትኛው ጫማ ይሻላል?

ቦረና ሳይንት ደንቆሮ ጫካ የገባ ሰው በግማሽ ቀን ውስጥ ጭቃም፣ እርጥብ ሥርም፣ ልቅ ጠጠርም፣ አስታ በሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ መሃል ጤዛ ያዘለ ሣርም ይረግጣል። ላስታ ላይ ደግሞ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነውና የማለዳ ውርጭ ይጨመርበታል። ሁሉንም የሚችል ጫማ የለም።

ኮንጎ ርካሽ ነው፤ ውሃ ቢገባበት አራግፎ መሄድ ነው። እርጥብ ድንጋይ ላይ ግን ፕላስቲኩ ያንሸራትታል፤ ቁልቁለት ላይም እግር በላብ ውስጡ እየሾለከ ጣት ከፊቱ ጋር ይላተማል። የጎማ ቦት ለነሐሴ ማሳ ይሁን፤ ዳገት ላይ ተረከዝ ስለማይዝ እግር ውሃ ይቋጥራል።

ዋናው ምርጫ በአጭር የጨርቅ ጫማና ቁርጭምጭሚት በሚሸፍን የቆዳ ጫማ መሃል ነው። የጨርቁ ቀላል ነው፤ ፀሐይ ካገኘ በጥቂት ሰዓት ይደርቃል፤ ግን ጠጠር ይገባበታል። የቆዳው ከድንጋይ ግጭትና ከብርድ ይከላከላል፤ አንዴ ከራሰ ግን ከብዶ ይውላል፤ ለማድረቅም አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። «ውሃ አያስገባም» የተባለውም ቢሆን ውሃው በአፉ ከገባ መውጫ የለውም። ስለዚህ ለክረምትና ወንዝ ለበዛበት መንገድ ጨርቁን፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ለአቡነ ዮሴፍ ቆዳውን እንመርጣለን። ኮምቦልቻ የጎፍን በበጋ ለመውጣት አጭሩ ይበቃል።

ሶሉን ገልብጠው ይዩ። ጥርሱ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የጠለቀ፣ በጥርሶቹ መሃልም እርሳስ የሚያስተኛ ክፍተት ያለው ይሁን፤ ጥርሱ ከተጠጋጋ ጭቃው ተሰክቶ ይቀርና ሶሉ ልሙጥ ይሆናል። ጥፍር ሲጫኑት ትንሽ እሺ የሚል ጎማ እርጥብ ድንጋይ ይይዛል፤ ቶሎ ማለቁ ግን አይቀርም።

ሰልባጅ ሲገዙ ይጠንቀቁ። በሶሉና በቆዳው መሃል ያለው ስፖንጅ ብዙ ጊዜ ፖሊዩረቴን ነው፤ ይህ ነገር ሳይለበስ ቢቀመጥም እንኳ የአየር እርጥበት ከውስጥ ያፈርሰዋል። አዲስ የሚመስል ጫማ ሶሉን መንገድ ላይ ጥሎ የሚቀረው ለዚህ ነው። ከጎኑ በአውራ ጣት ይጫኑት፤ ጎድጉዶ ከቀረ፣ ሲያጥፉት እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካሳየ ወይም ጣት ላይ ዱቄት ካስቀረ ይተዉት። ማስቲሽ አያድነውም፤ የሚጣበቅበት ስፖንጅ ራሱ የለማ!

ልኩን እግር በሚያብጥበት ከሰዓት በኋላ፣ በሚጓዙበት ካልሲ ይሞክሩ። ክሩን ሳያስሩ እግርዎን ወደፊት ሲገፉ ከተረከዝ ኋላ አንድ ጣት መግባት አለበት። ከዚያ አስረው ደረጃ ይውረዱ፤ ጣትዎ ፊቱን ከነካ ግማሽ ቁጥር ይጨምሩ።

የራሰ ጫማ እሳት ዳር አይቀመጥም፤ ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ማጣበቂያውም ይለቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቀው ጥላ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ወረቀቱ ሲርስ ይለውጡ።

ኮንጎውን ግን አይጣሉት። ከቦርሳዎ ጎን አንጠልጥለው ለወንዝ መሻገሪያ ይያዙት።