ቶንዶኒያ፣ ክሎስ ሞጋዶር ወይስ ፔታሎስ? የስፔን ቤተሰቦች ቀይ ወይን ለሚገዛ ሰው

ደህና የስፔን ቀይ ወይን ልግዛ ለሚለኝ ሰው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ መቼ ልትከፍተው ነው? ሦስቱም ወይኖች ከቤተሰብ እጅ የወጡ ናቸው። የሚጠጡበት ጊዜ ግን ለየቅል ነው።

በቪኛ ቶንዶኒያ ሬዜርቫ ልጀምር። የሎፔዝ ዴ ኤሬዲያ ቤተሰብ ሪዮሃ በሚባለው የሰሜን ስፔን የወይን አገር፣ አሮ ከተማ፣ ከ1877 ጀምሮ ወይን ይጠምቃል። አሁን ሥራው በአራተኛው ትውልድ እጅ ነው። በሪዮሃ ደንብ «ሬዜርቫ» ለመባል ወይኑ ሦስት ዓመት ቢቆይ፣ ከሦስቱም አንዱን ዓመት በኦክ በርሜል ቢያሳልፍ ይበቃል። እነሱ ግን ስድስት ዓመት ያህል በበርሜል ያስቀምጡታል። በርሜሉንም ራሳቸው ይሠሩታል። ብርጭቆ ውስጥ ስታዩት ቀለሙ ሳሳ ያለ ነው፤ ጠርዙ ወደ ሸክላ ቀለም ያደላል። የደረቀ ቼሪና የቆዳ ሽታ አለው፣ አሲዱም ንቁ ነው። ጣፈጥ ያለ ወይን የለመደ ሰው «ይሄ ነገር አርጅቷል እንዴ?» ሊል ይችላል። ምንም አልሆነም፣ ጠባዩ ነው። ከመክፈታችሁ አንድ ቀን በፊት አቁሙት፣ አተላው ይዘቅጣል። ቡሹንም ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ የቆየ ቡሽ ይፈረፈራል።

ክሎስ ሞጋዶር ሌላ ዓለም ነው። ካታሎኒያ ውስጥ ፕሪዮራት የሚባል ተራራማ አገር አለ። ረኔ ባርቢዬ እዚያ ግራታዮፕስ መንደር አጠገብ መሬት የገዛው በ1979 ነበር፤ ዛሬ ልጁም በሥራው አለ። አፈሩ ተሰነጣጥቆ የሚፈረፈር ጥቁር ድንጋይ ነው። የወይን ተክሉ ሥር ውሃ ፍለጋ ድንጋዩን ሰንጥቆ ይወርዳል፣ ግንዱም የሚሰጠው ፍሬ ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ወይኑ የሚወፍረውና ዋጋውም ከሦስቱ የሚበልጠው። ከወይን ፍሬ ዝርያዎቹ ጋርናቻና ካሪኜና ዋናዎቹ ናቸው፤ ሲራና ካበርኔም ይገቡበታል። አልኮሉ 14.5 በመቶ አካባቢ ነው። በልጅነቱ ከተከፈተ ታኒኑ፣ ማለትም ከፍሬው ልጣጭ የሚወጣው መራራ ነገር፣ አፍ ጭምድድ ያደርጋል። ለዛሬ እራት ብላችሁ ብትገዙት ገንዘባችሁ ያሳዝነኛል። ቀዝቀዝ ያለ ጨለማ ቦታ ያለውና ዓመታት መታገስ የሚችል ሰው ይግዛው።

ፔታሎስ ከሰሜን ምዕራብ ስፔን፣ ከቢዬርሶ ነው። አልቫሮ ፓላሲዮስና የእህቱ ልጅ ሪካርዶ ፔሬዝ የወይን ጠመቃ ቤቱን የመሠረቱት በ1999 ነው። የፍሬው ዝርያ ሜንሲያ ይባላል፤ ወይኑ አበባ አበባ ይሸታል፣ ለስለስ ያለ ነው፣ ዛሬውኑ ይጠጣል። ዋጋውም ከሁለቱ በጣም ይቀላል። ግን «በትንሽ መጠን የተመረተ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትመኑት፣ ብዙ ጠርሙስ ነው የሚወጣው። የእውነት ጥቂቱን ከፈለጋችሁ የዚያው ቤት ሌላ ወይን፣ ቪያ ዴ ኮሩዮን አለ። ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

ከምግብ ጋር ከሆነ፣ ለዶሮ ወጥ ፔታሎስን ትንሽ አቀዝቅዞ ማቅረብ ነው። ክሎስ ሞጋዶርን ከበርበሬ አርቁት፤ አልኮሉና ታኒኑ ቃጠሎውን ያብሱታል። ለእሱ ቃሪያ ያልበዛበት የበግ ጥብስ ይስማማዋል።

ለእኔ አንድ ጠርሙስ ብቻ ግዛ ብትሉኝ ቶንዶኒያን አነሳለሁ። መጠበቁን ጨርሰውልኛላ! ዋጋው ከከበዳችሁ የዚያው ቤተሰብ ቪኛ ኩቢዮ አለላችሁ፤ በርሜል ውስጥ ሦስት ዓመት ያህል ይቆያል፣ ኪስም አይጎዳም።