በሎውሃብ ለኤልሳት ስዘጋጅ ያየሁት

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የወጥ ቤቱን መብራት አበራለሁ። ልጄ ተኝቷል፤ ባለቤቴ ከሌሊት ሥራው ገና አልተመለሰም። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ያለችው አንድ ሰዓት ተኩል የእኔ ናት። በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚወሰደውን ኤልሳት የተባለ ፈተና ስምንት ወር ያጠናሁት በዚህች ሰዓት ነው። ከስምንቱ ወር ስድስቱን የተለማመድኩት ሎውሃብ ላይ ነው፤ ይህም ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኤልሳክ ራሱ ያሰናዳው የኮምፒውተር መለማመጃ ነው። እኔ ስጀምር በአማርኛ የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ። ስለዚህ ያየሁትን ሳልቆጥብ እጽፋለሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራዬ በስልክ ማስተርጎም ነው፤ በአንድ በኩል ሐኪም ወይም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ በሌላ በኩል የአገሬ ሰው፣ እኔ በመካከል። አስተርጓሚ የተባለውን ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። ሰው ያልገባውን ወረቀት "እሺ" ብሎ ሲፈርም እየሰማሁ አንድ ቃል መጨመር አይፈቀድልኝም። ከእንዲህ ዓይነት ስልክ በኋላ እንቅልፍ ያጣሁባቸው ሌሊቶች ናቸው ወደ ሕግ የገፉኝ። ስወስን ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር።

መጀመሪያ የተመዘገብኩት በየወሩ እየተከፈለው በቪዲዮ በሚያስጠና አንድ ድርጅት ነበር፤ ስሙን መጥራት አልፈልግም። አስተማሪዎቹ ጎበዞች ናቸው። መርሐ ግብሩ ግን የተሠራው ሥራና ልጅ ለሌለው ሰው ነው። በቀን አራት ሰዓት እንዳጠና ይጠብቅብኛል፤ አንድ ቀን ካመለጠኝ ያልሠራሁት ትምህርት ሁሉ በቀይ ምልክት ተደርጎበት ይቆየኛል። በሁለተኛው ወር መጨረሻ የቀዩ ብዛት ሠላሳ ሰባት ደረሰ። ኮምፒውተሩን ገና ስከፍት ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር። ምዝገባዬን ከሰረዝኩ በኋላም የአንድ ወር ሂሳብ ከካርዴ ላይ ተቆረጠ፤ የተመለሰልኝም ሦስት ጊዜ ጽፌ ነው። ገንዘቡ ሳይሆን ያ ቀይ ቁጥር ነው የጎዳኝ። ሁለት ወር ሙሉ ሰነፍ እንደሆንኩ አምኜ ነበር።

ሎውሃብ ላይ አካውንት መክፈት ነፃ ነው። በነፃው ብቻ አራት ሙሉ ፈተናዎች ይገኛሉ፤ እነዚህም ሌላ ሰው አስመስሎ የጻፋቸው ሳይሆኑ ኤልሳክ ራሱ ያዘጋጃቸው ናቸው። በዓመት 120 ዶላር የከፈለ ከሃምሳ በላይ ፈተናዎች ይከፈቱለታል። እኔ ሦስት ወር በነፃው ቆይቼ በጃንዋሪ 2025 ከፈልኩ። ቀድሞ ካን አካዳሚ የተባለው የኢንተርኔት ማስተማሪያ በነፃ ይሰጠው የነበረው የኤልሳት ትምህርትም በ2024 እዚያ ሲቆም ወደ ሎውሃብ ተዛውሯል። ለጀማሪ ጥሩ መነሻ ነው።

የፈተናውን አሠራር በአጭሩ ልንገራችሁ። አራት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 35 ደቂቃ። ሁለቱ የአመክንዮ ናቸው፣ አንዱ አንብቦ መረዳት ነው፣ አራተኛው ደግሞ ለሙከራ የሚገባና የማይታረም ነው። የትኛው እንደማይታረም ግን ተፈታኙ አያውቅም፤ ስለዚህ ሁሉም እኩል ይሠራል። ከሁለተኛው ክፍል በኋላ አሥር ደቂቃ ዕረፍት አለ። ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ነው። እስከ 2024 አጋማሽ ድረስ "የአመክንዮ ጨዋታ" የሚባል ሌላ ክፍል ነበረው። ሥዕል እየሣሉ የሚፈታ ስለነበር ማየት ለተሳናቸው ተፈታኞች በደል ነው ተብሎ ክስ ተመሠረተ፤ በ2019 በተደረሰው ስምምነት መነሻነትም ከኦገስት 2024 ጀምሮ ቀርቷል። ይህን ማወቅ ገንዘብ ያድናል። አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህታችን በደግነት የሰጠችኝ ሁለት ወፋፍራም መጻሕፍት ግማሽ ያህላቸው ስለዚያ ስለቀረው ክፍል ነበር። እኔ ሳላውቅ ሁለት ሳምንት ሠርቼበታለሁ።

የሎውሃብ ትልቁ ዋጋ ማያ ገጹ ነው፤ በፈተናው ቀን የሚገጥማችሁ ራሱ ነውና። ዐረፍተ ነገር በቀለም ማስመር፣ የማያዋጣውን ምርጫ መሰረዝ፣ ጥያቄውን ምልክት አድርጎ በኋላ መመለስ፣ ይህን ሁሉ እጅ ይለምደዋል። በፈተናው ቀን እጄ የት እንደሚሄድ ያውቅ ስለነበር አእምሮዬ ለጥያቄው ብቻ ቀረ። ሰዓቱን ሳይቆጥሩ በራስ ፍጥነት መሥራትም ይቻላል፤ እኔ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት እንዲያ ነው የሠራሁት። የሚቸኩል ሰው ይህን ምክር አይወድም። ሆኖም ነገሩ ሳይገባ ፍጥነት መለማመድ ስህተትን በፍጥነት መለማመድ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሎውሃብ መለማመጃ ነው እንጂ አጠገባችሁ የሚቀመጥ መምህር አይደለም። "ለምን ተሳሳትኩ?" የሚለውን ራሳችሁ ቆፍራችሁ ማውጣት አለባችሁ። እኔ ይህን ያደረግሁት በአንድ ባለ ሰማያዊ ሽፋን ደብተር ነው። በየገጹ አራት ዓምድ አሰመርኩ፤ የጥያቄው ዓይነት፣ የመረጥኩት፣ ለምን እንደሳበኝ፣ ለምን ስህተት እንደሆነ። የመጨረሻውን ዓምድ በአማርኛ ብቻ ነበር የምሞላው። በእንግሊዝኛ ስጽፈው የጥያቄውን ቃላት መልሼ እገለብጥና የገባኝ ይመስለኛል። በአማርኛ ስጽፈው ግን ያልገባኝ ነገር አይጻፍልኝም።

"አንዳንድ" የምትለዋን ቃል እንያት። "አንዳንድ ነርሶች ሌሊት ይሠራሉ" ብትሉኝ ወዲያው "ሌሎቹ ቀን ነው የሚሠሩት" ብዬ እሰማለሁ። በእንግሊዝኛም ሰው በተራ ንግግሩ የሚሰማው እንዲሁ ነው። በፈተናው ግን "ቢያንስ አንድ ነርስ ሌሊት ይሠራል" ማለት ብቻ ነው። ሁሉም ሌሊት ቢሠሩም ዐረፍተ ነገሩ እውነት ነው። በስድስት ሳምንት ውስጥ በዚህች አንዲት ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ ደብተሩ ላይ ተቆጥሯል።

ወይም "ብቻ"። ከዓመታት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት በአካል ተገኝቼ ለአንድ ሽማግሌ ሳስተረጉም የጥበቃ ሠራተኛው "የቀጠሮ ወረቀት ያለው ብቻ ነው የሚገባው" አለ። እኔም አስተላለፍኩ። ሽማግሌው ወረቀታቸውን ከፍ አድርገው "ይኸው ወረቀቴ! ታዲያ ለምን አልገባም?" አሉ። ሠራተኛው ደግሞ ሰዓቱ አልፏል አለ። ሁለቱም ተናደዱ፤ እኔም በመካከል ቆሜ ማን እንደተሳሳተ መለየት አልቻልኩም ነበር። አሁን አውቀዋለሁ። ዐረፍተ ነገሩ የሚለው "የገባ ሁሉ ወረቀት አለው" ነው፤ "ወረቀት ያለው ሁሉ ይገባል" አላለም። ወረቀቱ የግድ ያስፈልጋል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። የአመክንዮው ክፍል ስንቱን ጥያቄ በዚህች ልዩነት ላይ እንደሚያቆም ብታዩ ትገረማላችሁ።

"ካልሆነ በስተቀር" ደግሞ ለእኛ ሰው ስጦታ ነው። "ሐኪሙ ካልፈቀደ በስተቀር አይበላም" የሚለውን በቀን አሥር ጊዜ አስተረጉማለሁ። ሕጉ ከተከበረ፣ የበላ ሰው ተፈቅዶለታል ማለት ነው። የተፈቀደለት ሁሉ በላ ማለት ግን አይደለም። እንግሊዝኛውን ወደዚህ ሳመጣው ጥያቄው ራሱ ተፈታልኝ። ሁለተኛ ቋንቋ መሆኑ ሸክም ብቻ ነው ብላችሁ ለምታስቡ ሁሉ ይህን ከልቤ እነግራችኋለሁ፤ ቃል እየመዘኑ መኖርን እኛ ቀድመን ለምደነዋል።

አገር ቤት ለፈተና የተዘጋጀነው በሽምደዳ ነበር። እዚህ የሚሸመደድ ነገር የለም። ይህ መጀመሪያ ላይ አስፈራኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ባጠና እንኳ "ይኼን ያዝኩ" የምለው ነገር በእጄ የለም። ጭንቀቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። በአመክንዮ ክፍል 25 ጥያቄ ቢሆን ለአንዱ የሚደርሰው 84 ሰከንድ ነው። ሰዓት ቆጥሬ በሠራሁት የመጀመሪያ ፈተና ጣቶቼ ቀዘቀዙ፣ አንዱን መስመር አራት ጊዜ አነበብኩት፣ የመጨረሻዎቹን ስድስት ጥያቄዎች ሳልነካ ጊዜው አለቀ። ውጤቴ 146 ነበር። ኮምፒውተሩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ጥቂት ነገር ነው። ሙሉ ፈተና በሳምንት አንድ ብቻ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በዌይን ጎዳና ባለው የሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት። ሰዓቱን ከማያ ገጹ ላይ መሸሸግ እንደሚቻል ሳውቅ ሸሸግሁት፤ አምስት ደቂቃ ሲቀር ማስጠንቀቂያው ይበቃኛል። በአሥሩ ደቂቃ ዕረፍት ስልኬን ሳልነካ ውጭ ቆሜ አንድ እፍኝ ቆሎ እበላለሁ። ፈተናው ካለቀ በኋላ ስህተቴን በዚያው ቀን አላይም፤ ልጄን ይዤ በስላይጎ ክሪክ ዳር እሄዳለሁ። ደብተሩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይከፈታል። በየሌሊቱ የሚመጣውን የሆድ ቁርጠት ያስቆመው ይህ ነው፤ በተለይ ቅዳሜና እሑድን መለየቴ። እንቅልፌን ከስድስት ሰዓት በታች ባደረግሁበት ሳምንት ሁሉ ውጤቴ ወርዷል፤ ይህንንም በደብተሩ ጠርዝ ላይ እጽፈው ነበር።

ፈተናዬ በኤፕሪል 2025፣ ዐቢይ ጾም ሳይፈታ ነበር የዋለው። ያለ ምግብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምኩ መፈተን እንደማልችል በልምምዱ አይቻለሁ፤ ሦስተኛው ክፍል ላይ ፊደሉ ይደበዝዝብኛል። የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። "ልጄ፣ ስንት ሰዓት ይጀምራል?" አሉኝ። "ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው አባቴ" አልኳቸው። "እንግዲያው ያን ቀን የጾሙን ምግብ በጠዋት ብዪና ሂጂ። በማግስቱ ወደ ሥርዓትሽ ትመለሻለሽ" አሉኝ። ከዚያች ቃል በኋላ ትከሻዬ ላይ የነበረው ነገር ወረደ።

ሌላው ጭንቀት ከደሴ በስልክ ይመጣ ነበር። እናቴ በየሳምንቱ "ቀኑን ንገሪኝ እንጂ ልጄ፣ ስእለት አለብኝ" ትለኛለች። ወሩን ነግሬ ቀኑን ደበቅኳት፤ በዚያች ዕለት ጠዋት እሷም እንደኔ ስትጨነቅ እንዳላስብ። ካለፈ በኋላ ስነግራት "እኔስ ወሩን ሙሉ ቆሜልሽ ነበር" አለችኝ።

ልታውቋቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች ይቀራሉ። የፈተናው ክፍያ እኔ በተመዘገብኩበት ዓመት 238 ዶላር ነበር። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ከኤልሳክ የክፍያ ነፃነት መጠየቅ ይችላል፤ ከተፈቀደለት ፈተናውም፣ ሙሉው ሎውሃብ ለአንድ ዓመትም ያለ ክፍያ ይሰጠዋል። እኔና ባለቤቴ ሁለት ደመወዝ ስላለን አልተፈቀደልንም፤ አንዲት ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ግን አግኝታለች። ምንም ነገር ከመክፈላችሁ በፊት መጀመሪያ ይህን አመልክቱ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፤ ስለዚህ ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም። የጽሑፍ ፈተናው ለብቻው ነው የሚወሰደው፤ 15 ደቂቃ ለዝግጅት፣ 35 ደቂቃ ለመጻፍ። ነጥብ ባይሰጠውም ትምህርት ቤቶቹ ያነቡታል፤ ሎውሃብ ላይም ይለማመዱታል። ተለማመዱት።

ውጤቴ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ፋሲካ ካለፈ ወዲያ መጣ፤ 158። በልምምድ ላይ ያገኘሁት ትልቁ 160 ነበር፤ ስለዚህ መለማመጃው አልዋሸኝም። ከ146 ተነስቼ እዚያ መድረሴ የምፈልጋቸውን የማታ ትምህርት ቤቶች በር ይከፍትልኛል። ማመልከቻዬንም በዚያው መኸር አስገብቻለሁ።

120 ዶላሩ ይገባል ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ አራቱን ነፃ ፈተናዎች በደብተር ሳትጨርሱ አትክፈሉ። እኔ ከነፃዎቹ ጋር አሥራ ስምንት ፈተና ነው የሠራሁት፤ የተከፈቱልኝ ከሃምሳ በላይ ነበሩ። ባለፈው ጃንዋሪ ዓመቱ ሞላ፤ አላደስኩትም።