ኮርከርስ፦ ሶሉ የሚቀያየር የወንዝ ጫማ በሜሪላንድ ውኃ ሲመዘን

በሰው ሠራሽ ዝንብ ትራውት የተባለውን የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው የጫማው ነገር ከዘንጉ ባልተናነሰ ያሳስበዋል። ኮርከርስ የተባለው ኩባንያ ጫማ ከሌሎቹ የሚለየው ሶሉ ያለ መሣሪያ መውለቁ ነው። ሲገጠም የሶሉ ጫፍ መጀመሪያ በጣት በኩል ይገባል፤ ከዚያ ጠርዙ ዙሪያውን ጎድጓዳው ውስጥ እየተጫነ ይሄድና ተረከዝ ላይ ባለው ማሰሪያ ይቆለፋል። አዲስ ሶል ድርቅ ስለሚል ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነከር ቢደረግ ይለዝባል። ሶል ጭቃ ውስጥ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ማሰሪያው እስከ መጨረሻው ሳይገባ ወይም ጠርዙ ሥር ጠጠር ሳለ ሲቆለፍ ነው።

የትኛው ሶል ይገዛ? የአሜሪካዋ ግዛት ሜሪላንድ ፌልት ሶልን (ከተጠቀጠቀ ጨርቅ የሚሠራውን፣ እርጥበትና ነፍሳት ይዞ የሚቀረውን) ከ2011 ጀምሮ ስለከለከለች ፌልት ያለበትን ጥቅል እዚህ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ተራው ጎማ ደግሞ አልጌ በለበሰ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል። የሚያዋጣው የካርባይድ (ጠንካራ ብረት) ጥርስ ያለው ጎማ ነው፤ ቢሆንም ድንጋይ ሲረገጥ ድምፁ ዓሣ ያስደነግጣል፣ ጥርሱም የጎማ ጀልባ ይበሳል። ጀልባ ላይ ለሚወጣ ሰው የሶሉ መቀያየር እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው ያኔ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ጫማው ከወንዝ ወደ ወንዝ ይዞት የሚሄደው ነገር ነው። ከባልቲሞር በስተሰሜን ያለው የጋንፓውደር ወንዝ ከፕሪቲቦይ ግድብ ሥር በሚለቀቅ ቀዝቃዛ ውኃ በበጋም ትራውት ያኖራል። ውኃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ ትራውት ይዞ መልቀቅ ራሱ ዓሣውን ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ በጋው በከፋ ቁጥር አጥማጁ ሁሉ እንዲህ ያሉ ጥቂት ቀዝቃዛ ወንዞች ላይ ይሰበሰባል፤ ከየወንዙ የመጣው ጫማም እንደዚሁ። ጋንፓውደር ውስጥ ዲዲሞ የተባለው ወራሪ አልጌ በ2008፣ የኒው ዚላንድ የጭቃ ቀንድ አውጣ ደግሞ በ2017 ተገኝተዋል።

እዚህ ላይ «ጎማ ሶል ስለሆነ ንጹሕ ነው» የሚለው አባባል አያስኬድም። ጎማው ቶሎ ይደርቃል፤ የላይኛው ጨርቅ፣ ስፖንጁና የማሰሪያው ቀዳዳ ግን እርጥበት ይይዛሉ። በኮርከርስ ላይ ደግሞ ሶሉና ጫማው መካከል አሸዋና ጭቃ የሚደበቅበት ክፍተት አለ። ሶሉን ሳያወልቁ ማጠብ እንዳላጠቡ ይቆጠራል። በጎ ጎኑ፣ ሶሉ ሲወልቅ ያ ክፍተት በብሩሽ በቀላሉ ይደረሳል።

ለዲዲሞ በ10 ሊትር ውኃ 500 ግራም ጨው ወይም ግማሽ ሊትር የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በቂ ነው። ለጎማው አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ውኃ የሚመጥጠው ክፍል ግን ቢያንስ 30 ደቂቃ ይዘፈዘፍ። ቀንድ አውጣው በዚህ አይሞትም። ቁመቱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ክዳኑን ዘግቶ ጨዉንም ሳሙናውንም ይቋቋማል፤ አንዲት እንስት ብቻዋን መራባት ስለምትችል አንዷ ማምለጧ በቂ ነው። ለእሱ የሚሻለው ጫማውንና ሶሉን ለየብቻ በፌስታል አድርጎ ፍሪዘር ውስጥ ቢያንስ 8 ሰዓት ማሳደር ነው። በጣም ሙቅ ውኃም ይገድለዋል፤ የጫማውን ማጣበቂያ ግን ሊያላቅቅ ይችላል።

ልኩን በባዶ እግር አይሞክሩት፤ የዌደሩን (ውኃ የማያስገባው የአጥማጅ ሱሪ) የኒዮፕሪን ማለትም የስፖንጅ ጎማ ካልሲ ከወፍራም ካልሲ ጋር አድርገው ይለኩ። ጠባብ ጫማ ደም ስለሚያግድ እግር ቶሎ ይበርዳል። ቦአ የተባለው፣ መዘውር በማዞር የሚጠብቀው የሽቦ ማሰሪያ በበረደ ጣት ሳይቀር ይጠብቃል፤ አሸዋ ከገባበት ግን አልዞር ይላል፣ ስለዚህ መለዋወጫ ሽቦ መያዝ ይበጃል።

አንድ ወንዝ ብቻ የሚያጠምድ ሰው ሶሉ የማይወልቅ፣ ባለ ጥርስ የጎማ ሶል ያለው የወንዝ ጫማ ቢገዛ ይሻለዋል፤ ክፍተት ስለሌለው ማጽዳቱም ይቀላል። ኮርከርስ የሚገባው ጀልባና ወንዝ ለሚያፈራርቅ ነው። ባሌ ወርዶ ዌብ ወይም ዳንካ ወንዝ ላይ ትራውት ለመሞከር ያሰበ ግን ጋንፓውደር የገባበትን ጫማ ትቶ ሌላ ጥንድ ቢወስድ ይመረጣል፤ ካልሆነም ከበረራው በፊት ፍሪዘር ውስጥ ያሳድረው።